የጣና ዳር ሩጫችንና አስቋሚዎቹ

ከጥቂት የሰፈራችን ሰዎች ጋር ቅዳሜና እሑድ ማለዳ በጣና ዳር መሮጥ ከጀመርን ወዲህ፣ እንዲህ ቀስ የምንለው በዕድሜያችን ምክንያት ነው ወይስ በወፎቹ የሚለው ክርክር እስካሁን እልባት አላገኘም። እኔ በወፎቹ አሳብባለሁ። ቡድናችንን የሚመሩት ጋሼ ግን ጡረታ የወጡ የስፖርት መምህር በመሆናቸው ሁለቱንም አይቀበሉም፤ እርሳቸው የሚያውቁት ምክንያት ስንፍናን ብቻ ነው። አንድ ማለዳ ትንፋሽ አጥሮኝ ስቆም፣ ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ አየሩ ሳስቶብኝ ይሆናል ብዬ ሳይንስ ልጠቅስ ሞከርኩ። ጋሼም ሩጫቸውን ሳያቋርጡ፣ «ደራርቱ የተወለደችበት በቆጂ እኮ ወደ 2,800 ሜትር ነው፤ ይህ በ1984 ዓ.ም. በባርሴሎና 10,000 ሜትሩን ከማሸነፍ መቼ አገዳት?» ብለውኝ አለፉ።

ያም ሆኖ ክረምት ከገባ በኋላ ወፎቹን አይቶ እንዳላዩ ማለፍ ለእኔ የሚቻል ነገር አይደለም። ሐይቁ ዳር ካሉት ዛፎች በአንዱ ላይ ቢጫ ላባ ያላቸው፣ ፊታቸው የጠቆረ፣ ጎጆ ሠሪ ወፎች ይሰፍራሉ፤ ጫጫታቸው ከሩቅ ይሰማል። ወንዱ ከዘንባባ ቅጠልና ከሣር ረጃጅም አረንጓዴ ክር እየሸረከተ ያመጣና በመንቆሩ ይቋጥራል፣ ያሾልካል፣ ይጎትታል። መጀመሪያ ቀለበት ይሠራል፤ ከዚያም ቀለበቱ ላይ እንደቆመ መንቆሩ እስከደረሰበት ድረስ ዙሪያውን እየሸመነ መግቢያው ወደ ታች የሆነ ጎጆ ያንጠለጥላል። ሥራው ሲያልቅ ከመግቢያው ሥር ተዘቅዝቆ ክንፎቹን እያርገበገበ ሴቷን ይጣራል። እርሷም ገብታ ትፈትሻለች፤ ካልጣማት ደግሞ አንዲት ቃል ሳትተነፍስ ውልቅ ትላለች። ጎጆው ደርቆ ፈላጊ ያጣ እንደሆነ ወንዱ ራሱ አፍርሶት እንደገና ከሀ ይጀምራል። ይህን ለቡድናችን ሳስረዳ፣ ሰርግ ደግሶ የሚከራየው ቤት ያጣው ወጣቱ ባልደረባችን ለረጅም ጊዜ ሽቅብ ሲመለከት ቆየና፣ «እርሱስ ቢያንስ ሲሚንቶ አይወደድበትም» አለ። ጋሼ እንኳን ሳይወዱ በግድ ሳቁ።

ከሁላችንም ለሩጫው የሚጨነቀው አንድ የባንክ ሠራተኛ ጓደኛችን ነው። የእጅ ሰዓቱ ርቀቱን፣ ፍጥነቱንና የልቡን ምት ስለሚመዘግብለት፣ እኛ በቆምን ቁጥር እርሱ በቦታው እየረገጠ ይጠብቀናል። «ዛሬ ደግሞ የየትኛው ወፍ ልቅሶ ላይ ልትደርስ ነው?» እያለ ይተርበኛል። እርሱንም ግን የሚያስቆም ተገኘ። ጥቁርና ነጭ ዝንጉርጉር የሆነችው ዓሣ አዳኝ ወፍ ክንፎቿን እያራገበች፣ ጭንቅላቷን ግን ንቅንቅ ሳታደርግ፣ ከውኃው በላይ አየር ላይ ቀጥ ብላ ስትቆም አየና ሰዓቱን ይለካባት ጀመር። አሁን በታንኳ የሚመለሱ ዓሣ አጥማጆች የእኛን ሰውዬ ወፍ ሲቆጣጠር እያዩ ይሳሳቃሉ።

ስለ ጋሼ የምጽፈው ግን በጥንቃቄ ነው፣ ምክንያቱም በእርሳቸው ቀልድ የለም። የጣና አካባቢ በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት መመዝገቡን ጠቅሰው ስለ ተፈጥሮ ጥበቃ የሚሰጡን ትምህርት ልብ ይነካል፤ አርጃኖ ግን ከዚህ ትምህርት ውጭ ነው። ባለፈው ክረምት ደንገሉ አጠገብ ሰውነታቸውን ሲያፍታቱ፣ ክንድ የሚያህል አንድ አርጃኖ ከሣሩ ብቅ ብሎ ምላሱን አወጣባቸው። እንስሳው ፈርቶ ወደ ውኃው፣ ጋሼ ደግሞ ወደ አስፋልቱ በአንድ ቅጽበት ተፈተለኩ። በዕለቱ የባንክ ሠራተኛው ጓደኛችን ሰዓቱን አውሷቸው ነበርና ፍጥነታቸው ተመዘገበ፤ ከቡድናችን ያን ያህል የሮጠ ሰው እስከ ዛሬ አልተገኘም። ጋሼ አዲስ አባል በመጣ ቁጥር ያንን ቁጥር ጠቅሰው፣ «በዚህ ዕድሜዬ!» ይላሉ፤ ስለ አርጃኖው ግን ትንፍሽ አይሉም፣ እኛም አናነሳባቸውም።