«ጠክ» የሚለው ማነው?

ሞተሬ ሁለት ድምፅ አውጥታለች። አንደኛው «ጠክ» ነው። ቀስ ብዬ ስሄድ ይሰማል፤ ስፈጥን የጠጠሩ ጩኸት ይውጠዋል። ሁለተኛው ከሥር የሚመጣ ጉርምርምታ ነው፤ እሱ ደግሞ አስፋልት ካልረገጥኩ አይለይም። ሁለቱም ከኋላ ናቸው። ከኋላ የመጣ ድምፅ ደግሞ እኛ ከተማ አንድ ፍርድ ብቻ ነው ያለው፦ «ካቴናው አልቋል።»

ፍርዱ ብዙ ጊዜ ልክ ነው። የእኛ ሞተሮች ካቴና አብዛኛው ተራ ነው፤ ግራሶውን ይዞ የሚያቆይ ላስቲክ በየፒኑ የለውም። ዘይት ይቀባል፣ አቧራ ይለጥፋል፣ ከዚያ ራሱን ይበላል። ግን «አልቋል» ማለትና ድምፁ ከየት እንደመጣ ማወቅ ለየቅል ናቸው። ካቴናውን ከነጥርሱ (ካቴናው ከሚጠመጠምባቸው ባለጥርስ ክብ ብረቶች ጋር) ቀይረው ያው ጉርምርምታ አብሯቸው ወደ ቤት የገባ ሰዎች አውቃለሁ።

ሥራዬ የእንስሳት ጤና ነው። ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ በሚወስደው መንገድ ባሉ ቀበሌዎች እዞራለሁ። ዲፕሎማ ነው ያለኝ፤ ገበሬው ግን «ዶክተር» ይለኛል፣ ማረሙን ከተውኩት ቆየሁ። ባለፈው የአንድ አባወራ በሬ አይቼ ልወጣ ስነሳ፣ ሰውየው በአገጫቸው ወደ ሞተሯ እያመለከቱ «ዶክተር፣ እሷንስ ማን ያክማት?» አሉኝ። እሳቸው ቤት ድረስ ተሰምቷል ማለት ነው።

ታሪኳን ላስቀድም፤ ያለ ታሪክ ምርመራ የለም። ሐምሌና ነሐሴ መንገዱ ጭቃ ስለሆነ ሞተሯ ብዙ ቀን ቆማ ትውላለች። የአከራዬ ቆርቆሮ አጭር ነው፤ ከወገቧ በታች ዝናብ ያገኛታል። ከመስቀል በኋላ መንገድ ስጀምር ካቴናው ላልቶ ይንገጫገጭ ነበር። መንገድ ዳር ጎማ የሚለጥፍ ልጅ በአምስት ደቂቃ ወጠረልኝ። ጎማውን አላዞረም፤ ቁልፉን አስገባ፣ ሳበ፣ አጠበቀ። ጉርምርምታው የመጣው ከዚያ ወዲህ ነው።

ደንበኛዬ የሆነው መካኒክ ወጣት ነው፣ እጁም ጥሩ ነው። አንዴ ነድቶ መለሳትና «ዶክተር፣ ካቴናው ሞቷል። ከነጥርሶቹ ይቀይሩት፣ ይገላገሉ» አለኝ። «ቆይ፣ መጀመሪያ ላዳምጣት» አልኩት። ሳቀብኝ።

ማዳመጥ ቦታ ይፈልጋል። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ፣ ባጃጆቹ ሳይበዙ፣ ረጅም የግንብ አጥር ካለበት አስፋልት አጠገብ በዝግታ ንዱ። ግንቡ ድምፁን ወደ ጆሮ ይመልሰዋል፤ ሜዳ ላይ ነፋስ የሚወስደው ነገር እዚያ ቁልጭ ብሎ ይሰማል። ሁለተኛው ቦታ ቤዛዊት ነው። የጃንሆይ ቤተ መንግሥት ካለበት ኮረብታ ወደ ታች ስትወርዱ ሞተሯ ራሷ ትሄዳለች። ፎሌ አድርጌ፣ ማለትም ከማርሽ አውጥቼ፣ ለቀቅኳት። ጉርምርምታው አልጠፋም። ነዳጅ ብሰጥም ባልሰጥም ያው ነው፤ የሚከተለው ፍጥነቷን ብቻ ነው። ስለዚህ ከኢንጅኑ የመጣ አይደለም ብዬ ያዝኩ። ጥፋቱ ከካቴናው ወይም ከኋላው ጎማ ዙሪያ ነው።

«ጠክ» የሚለውን ግን በመቁጠር ነው ያገኘሁት። ይኼን ክፍል እወደዋለሁ፤ ቀስ ብለን እንየው።

የእኔ ሞተር የኋላ ጥርስ 42 ነው፣ የፊቱ 15። ካቴናው 118 ቀለበት አለው። ጎማው አንዴ ሲዞር 42 ቀለበት ያልፋል። 118ን ለ42 ብታካፍሉት 2.8 ይመጣል። ስለዚህ አንድ የተወሰነ የካቴና ቀለበት ተመልሶ እዚያው ቦታ ለመድረስ ጎማው ሦስት ጊዜ ለመዞር ትንሽ ሲቀረው ነው። ድምፁ በጎማው በእያንዳንዱ ዙር ከመጣ ችግሩ ጎማው፣ መሐሉ ላይ ያለው ከበሮ ወይም የኋላው ጥርስ ላይ ነው። በሦስት ዙር አንዴ ገደማ ከመጣ ካቴናው ላይ ነው። ጎማው አንዴ ሲዞር ሦስቴ ገደማ ካንኳኳ ደግሞ የፊቱን ጥርስ ጠርጥሩ።

ይኼ እየነዱም ይታወቃል። በሰዓት 20 ኪሎሜትር ስትሄዱ የኋላው ጎማ በሴኮንድ ሦስቴ ገደማ ይዞራል። ካቴናው በሴኮንድ አንዴ ነው ዙሩን የሚጨርሰው። የፊቱ ጥርስ ስምንቴ ያህል። የእኔዋ «ጠክ» በሴኮንድ አንድ ነበረች። ግንቡ አጠገብ ሳዳምጥ የእጅ ሰዓቴን እያየሁ ነበር።

ቤት ስደርስ በመሐል ማቆሚያዋ አቁሜ የኋላውን ጎማ ከመሬት አነሳሁ። ጎማው ላይ በጠመኔ መስመር አደረግሁ። ካቴናው ላይ ጠመኔ አይይዝም፤ ከልጄ የጥፍር ቀለም ለመንኩ። ቀዩን ከለከለችኝና ያለቀውን ሰማያዊ ሰጠችኝ። ጎማውን በእጄ ቀስ እያልኩ አዞርኩ። በእጅ ነው ያልኩት። ሞተር አስነስቶ፣ ማርሽ አስገብቶ፣ በሚዞር ካቴና አጠገብ ጣት መላክ የለም። ጨርቅ ይዞ የሚጠርግ ሰው ጣቱን የሚያጣው እንደዚያ ነው፤ ጥርሱ ጨርቁን ይስባል፣ ጨርቁ እጁን።

ሰማያዊው ቀለበት ከኋላው ጥርስ ሲወጣ «ጠክ» አለ። ጎንበስ ብዬ አየሁት። ካቴና ከጥርሱ ሲላቀቅ ቀጥ ማለት አለበት። እዚያ ቦታ ላይ ጎን ለጎን ያሉ ሦስት ቀለበቶች ግን እንደታጠፉ ቀሩ። በፒኑ ዙሪያ ቡና መልክ ያለው ዝገት ወጥቷል። ቀለበቶቹ ትንሽ ሄደው የራሳቸው ክብደት ሲጎትታቸው ነው ድንገት የሚቃኑት፤ ድምፁም እሱ ነው። ክረምቱን ሙሉ አንድ ቦታ የቆመ ካቴና፣ ጠብታ የሚያርፍበት ያው ቀለበት ላይ ነው።

አሁን ውጥረቱን ለካሁ። የታችኛውን መስመር መሐሉ ላይ ይዞ ወደ ላይና ወደ ታች ማንቀሳቀስ ነው። የእኔዋ መመሪያ ከ25 እስከ 30 ሚሊሜትር ይላል። በአንድ በኩል 30 አገኘሁ። ጎማውን ትንሽ አዙሬ የደረቁት ቀለበቶች ሲመጡ 10 ሆነ። ያ ልጅ የወጠረው ካቴናው በላላበት በኩል ቆሞ ነው ማለት ነው። ላልቶ የታየው ቦታ ልክ ሲሆን፣ ጠባቡ ቦታ ከልክ በላይ ጠበቀ። በዚያ ላይ ሰው ሲቀመጥባት የኋላው እግሯ ሲወርድ ካቴናው ይበልጥ ይሳባል። እኔና የክትባት ሳጥኑ ስንጫን 10 ሚሊሜትሩ ምንም ሆነ።

ይኼ ኃይል የሚያርፈው የት ነው? የኋላውን ጥርስ በያዘው ኩሽኔታ ላይ፤ ጥርሱ በቀላሉ እንዲዞር የሚያደርገው ባለ ኳስ ቀለበት ነው።

ሁለተኛውን ድምፅ በዚያ ፈለግሁት። ስቴቶስኮፔን አመጣሁ። አትሳቁ፤ የሌለው ሰው ረጅም ካቻቪቴ ጫፉን ብረቱ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ አድርጎ ያንኑ ይሰማል። ሚስቴ ጎማውን አዞረችልኝ። በቀኝ በኩል፣ ጎማው የሚዞርበት ፔርኖ ጫፍ አጠገብ፣ የፍሬን ሸራ ስስ ሽሽታ ብቻ ነው። በግራ፣ ጥርሱ ባለበት በኩል፣ ጎርበጥ ጎርበጥ የሚል ድምፅ አለ። የመገጣጠሚያውን ክሊፕ ፈትቼ ካቴናውን አወለቅኩና ደገምነው። ቀነሰ፣ ግን አልጠፋም። ጎማውን ከላይና ከታች ይዤ ነቀነቅኩ፤ አይነቃነቅም። የኋላውን ጥርስ ይዤ ስነቀንቀው ግን ወደ ጎን ዘመመ። ጥርሱ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ትንሽ ቢሄድ ችግር የለም፤ ውስጥ ያሉት ላስቲኮች ናቸው። ወደ ጎን መዝመም ግን የኩሽኔታ ነው።

ጎማውን አውርደን ጣቴን ኩሽኔታው ውስጥ ከትቼ አዞርኩት። ጤነኛ ኩሽኔታ ያለ ድምፅ ይዞራል። ይኼኛው አሸዋ እንደገባበት ወፍጮ ነበር። ጠርዙ ላይ 6203 የሚል ተቀርጿል። ይኼን ቁጥር ያዙ። የኩሽኔታ ቁጥር የሞተር ቁጥር አይደለም፤ ውስጡ 17፣ ውጭው 40፣ ውፍረቱ 12 ሚሊሜትር ነው ማለት ነው። የውኃ ፓምፕ ዕቃ የሚሸጥ ሱቅም ሊኖረው ይችላል። «የዚህ ሞተር ኩሽኔታ» ብላችሁ ከምትጠይቁ ቁጥሩን ጥሩ። ከተቻለ በሁለቱም ወገን ላስቲክ ክዳን ያለውን ግዙ፤ ቁጥሩ ቀጥሎ 2አርኤስ ይላል። ለእኛ ጭቃና አቧራ የብረት ክዳን ካለው ይልቅ እሱ ይሻላል።

መትቶ የማስገባቱን ሥራ ለመካኒኩ ተውኩለት። አሮጌውን ውጫዊ ቀለበት አዲሱ ላይ አስቀምጦ እኩል እኩል መታው። መሐሉን የሚመታ ሰው አዲሱን ኩሽኔታ ከመጀመሪያው ቀን ይገድለዋል። ልጁ ያውቃል፤ ስለዚህ ዝም ብዬ ቆሜ አየሁ።

የደረቁትን ቀለበቶች ናፍጣ ውስጥ አሳደርኳቸው። ጠዋት በፒንሳ ግራና ቀኝ እያጠፍኩ፣ 90 ቁጥር የማርሽ ዘይት እያንጠባጠብኩ አላቀቅኳቸው። ትርፉን ዘይት በጨርቅ ጠረግሁ። ሲመለስ የክሊፑ ዝግ ጫፍ ካቴናው ወደሚሄድበት አቅጣጫ መዞር አለበት፤ ተገልብጦ ከገባ ጠጠር ነክቶ ያወልቀዋል። ውጥረቱን ደግሞ በጠባቡ ቦታ ላይ 25 ሚሊሜትር አድርጌ አሰርኩ። ሌላው በኩል ትንሽ ላልቶ ይታያል፤ ይታይ።

በማግስቱ ዘጌ መንገድ ላይ ነበርኩ። ጉርምርምታው የለም። ጠክታዋም የለችም።

ካቴናውን ግን በሜትር ለክቼዋለሁ። የእኔዋ ካቴና የመጠን ቁጥሩ 428 ነው። በዚህ ካቴና ከአንድ ፒን መሐል እስከ 21ኛው ፒን መሐል አዲስ ሲሆን 254 ሚሊሜትር ነው። 259 ሲደርስ ይጣላል። የእኔው 257 ሆኗል። ዝገት የያዘው ቀለበት ደግሞ አንዴ ከለመደ ተመልሶ ይደርቃል። ስለዚህ ለፋሲካ ዕረፍት ካቴናውን ከሁለቱም ጥርሶች ጋር እቀይራለሁ። መካኒኩ «አላልኩዎትም?» ሊለኝ ከአሁኑ ተዘጋጅቷል።