እናቴ ፊልም ስታይ እጅ ነው የምታየው

ልናዘዝ። ለሁለት ዓመት ያህል ፊልም የማየው አልጋዬ ላይ ተጋድሜ፣ በስልኬ፣ ፍጥነቱን አንድ ነጥብ አምስት ላይ አድርጌ ነበር። ተዋናይዋ ስታለቅስ እንኳ ተጣድፋ ነው የምታለቅሰው። በሳምንት አራት አምስት ፊልም እጨርሳለሁ። በወሩ መጨረሻ "ምን አየሽ?" ብትሉኝ ግን የሁለቱን ታሪክ እንኳ አስተካክዬ አልነግራችሁም።

ከዚያ ስልኬ ወድቆ ስክሪኑ ደቀቀ። ማሠሪያ ብር እስኪገኝ የቀረኝ ሳሎን ያለው ቴሌቪዥን ብቻ ነው። እሱ ደግሞ የእናቴ ነው። ተደራደርን። ተከታታይ ድራማዎቿ አይነኩም። እሁድ ከሰዓት ግን በረካው ተጠጥቶ ሲኒው ሲነሳ ቴሌቪዥኑ የእኔ ይሆናል፣ እሷም አብራኝ ታያለች። አንድ ነገር ብቻ አስጠነቀቀችኝ፦ "የማልሰማውን ቋንቋ እንዳታመጪብኝ።" እኔም አማርኛ ከሆነ አይቀር ብዬ፣ በውጭ ፌስቲቫሎች ስማቸው የተነሳውን፣ ሰው ሲያወራባቸው እንዳየሁ ሆኜ ራሴን የምነቀንቅላቸውን ፊልሞች መረጥኩ። ለቅሶውም ማኅበሩም እየገባበት በሁለት ወር ውስጥ አራት አየን።

መጀመሪያ የያሬድ ዘለቀ "ላምብ" ነበር። እ.ኤ.አ. በ2015 ካን ፌስቲቫል በይፋ የመረጠው የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ነው። ኤፍሬም የሚባል ልጅ እናቱ ሞታበታለች፤ አባቱ ሥራ ፍለጋ አዲስ አበባ ሲሄድ ዘመድ ቤት ይተወዋል። የቀረችው ቹኒ የምትባል በጉ ናት፤ አጎቱ ደግሞ ለበዓል ሊያርዳት አስቧል። እኔ ተራራውን አይቼ አፌን ከፈትኩ። ትንሽ ቆይቶ ግን ቅር አለኝ፤ ሁሉም ነገር ከማማሩ የተነሳ ችግሩም ፖስትካርድ መሰለኝ። ይህን ለእናቴ ለማስረዳት ፊልሙን አቆምኩት። ደግሞ የዳይሬክተሩን ሐሳብ ላብራራ ብዬ አቆምኩት። ሦስተኛው ላይ "አንቺ ልጅ፣ ፊልሙን ልይ ወይስ አንቺን ልስማ?" አለችኝ።

ዝም አልኩ። እሷ ምን እንደምታይ ያየሁት ዝም ስል ነው። ኤፍሬም ምግብ መሥራት ይችላል፤ መሳፈሪያ ለማጠራቀም ሳምቡሳ ይሠራል። እናቴ ወደ ቴሌቪዥኑ ጠጋ ብላ ጣቶቹን ነው የምታየው። "ይሄ ልጅ ማጀት ያደገ ነው" አለች። አጎትየው ወንድ ልጅ እንዴት እንዲህ ያለ ሥራ ይሠራል ብሎ ሲቆጣማ የወንድሜን ስም ጠርታ ሳቀች። ድራማዎቿን ስታይም እንደዚሁ ናት። ታሪኩ የፈለገበት ይድረስ፣ እሷ "ይቺ ሴትዮ በሕይወቷ እንጀራ ጋግራ አታውቅም" ብላ ፍርዷን ሰጥታ ጨርሳለች።

ሁለተኛው "ድፍረት" ነው፤ የዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ፣ እ.ኤ.አ. በ2014 አሜሪካ ውስጥ በሚካሄደው ሰንዳንስ ፌስቲቫል ላይ የተመልካቾችን ሽልማት የወሰደው። ይህን ከዓመታት በፊት ብቻዬን አይቼ "የኤንጂኦ ፊልም" ብዬ ዘግቼው ነበር። ከትምህርት ቤት ስትመለስ በፈረስ የመጡ ወንዶች የጠለፏት የ14 ዓመት ልጅ ጠላፊዋን በጠመንጃ ትገድላለች፤ ትከሰሳለች፤ መዓዛ አሸናፊ ጥብቅና ትቆምላታለች። መነሻው በእውነት የሆነ ጉዳይ ነው።

ጠለፋው ሲጀምር እናቴ ተነስታ ወጥ ቤት ገባች። የታጠበ ሲኒ ስታጥብ ይሰማኛል። "ላቁመው?" አልኳት። "ይሂድ" አለች እዚያው ሆና። ፍርድ ቤቱ ጋ ሲደርስ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች መጥታ ተቀመጠች፤ እስኪያልቅ ቃል አልተነፈሰችም። ካለቀ በኋላ "የእኅቴ በፈረስ አልነበረም። በእግር ነው የወሰዷት፣ ውኃ ልትቀዳ ወርዳ" አለች።

አክስቴን ማለቷ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ አክስቴ በሽማግሌ እንደተዳረች ነው የማውቀው። "ሽማግሌውማ ተልኳል" አለች እናቴ፣ "ከወሰዷት በሦስተኛው ቀን።" ምን እንደምል ስለጠፋኝ ስለ ሕጉ ማውራት ጀመርኩ፤ በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን ልጅ በሕግ ካገባት ከክስ ነጻ ያደርገው እንደነበር፣ ይህ የቀረው ገና በ1997 ሥራ ላይ በዋለው አዲሱ ሕግ መሆኑን። ቀና ብላ አየችኝ። "ተጽፎ ነበር እንዴ? እኔ ልማድ ብቻ መስሎኝ።"

በፊልሙ ላይ ያለኝ ቅሬታ አለቀ ማለት አይደለም። ጠበቆቹ ሲነጋገሩ አንዳንዴ አሁንም የሥልጠና አዳራሽ ይሸተኛል። ግን ርዕሱን ተመልከቱት። ድፍረት ጀግንነትም ነው፣ መደፈርም ነው። እናቴ ይህ የገባት ገና ከመጀመሪያው ነው፤ እኔ ሁለት ጊዜ አይቼ ነው።

ቋንቋ እንዳታመጪ የተባልኩትን የጣስኩት በኃይሌ ገሪማ "ጤዛ" ነው። አንበርብር ጀርመን ተምሮ፣ እግሩን አጥቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1990 ወደ መንደሩ እናቱ ጋ ይመለሳል። ፊልሙ ወደ ኋላ እየሄደ የጀርመኑን የተማሪነት ዘመንና የደርጉን አዲስ አበባ ያሳያል፤ እዚያ ጋ ጀርመንኛም እንግሊዝኛም አለበት። አስተርጓሚ ሆንኩ። መጀመሪያ ቃል በቃል ነበር የምተረጉመው፤ እኔ አንዱን ሳልጨርስ እነሱ ሦስት ተናግረው ያልፋሉ። በኋላ "ስለ ሀገር ይጨቃጨቃሉ" ብቻ ማለት ጀመርኩ፣ በቂ ነበር።

ወታደሮቹ የመንደሩን ልጆች ለጦርነት ሲያፍሱ፣ ልጆቹም ሲሸሹ፣ መብራት ጠፋ። ልክ እዚያ ላይ! ተበሳጨሁ። እናቴ ሻማ አበራችና ጠረጴዛው ላይ አቆመችው። "ወንድሜን እኮ ጎተራ ውስጥ ነው የደበቅነው" አለች። ጎጃም፣ እሷ ገና ያላገባች ልጅ ሆና። ሦስት ሌሊት። እናቷ ከላይ ገለባ አልብሳ፣ አፈሳው መጣ ሲባል ጎተራው ሥር ተቀምጣ ጥጥ ትፈትላለች። "እጇ አይንቀጠቀጥም ነበር" አለችኝ፣ በጣቶቿ የእንዝርቱን አዟዟር እያሳየችኝ። ከአንድ ሰዓት በኋላ መብራት መጣ። ማናችንም ሪሞቱን አላነሳንም፤ የቀረውን ያየነው በሚቀጥለው እሁድ ነው። "ጤዛ" እ.ኤ.አ. በ2008 ቬኒስ ፌስቲቫል ላይ የዳኞች ልዩ ሽልማት አግኝቷል፣ ሁለት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ነው፣ ሥዕሉም ድምፁም ግሩም ነው፤ እኔ ግን ስሙ በተነሳ ቁጥር የሚታየኝ ሻማው ነው።

የመጨረሻው የዚያው የኃይሌ የድሮ ሥራ ነው፣ "ምርት ሦስት ሺህ ዓመት"፣ እ.ኤ.አ. የ1976። ዋሽንግተን ያለው የአክስቴ ልጅ ጆርጂያ አቬኑ ካለው ከኃይሌ መጻሕፍት ቤት፣ ከሳንኮፋ፣ ዲቪዲውን ገዝቶ ላከልኝ። ደስ አለኝ፤ ላፕቶፔ ዲስክ ማስገቢያ እንደሌለው ትዝ ያለኝ ፖስታውን ከቀደድኩ በኋላ ነው። ሰፈሩን ዞሬ አንዲት ጎረቤታችን የሠርግ ቪዲዮ ታይበት የነበረ ዴክ አዋሰችኝ። ሪሞት የለውም። ማስቆም የለ፣ ማሳለፍ የለ። አንዴ ከጀመረ ጀመረ።

ጥቁርና ነጭ ነው፣ ሁለት ሰዓት ተኩል፣ ንግግር እምብዛም የለውም። ገበሬው ይነሳል፣ ይጸልያል፣ በሬ ይጠምዳል፣ ለባለርስቱ ያርሳል። አላጋንንም፣ አርባ ደቂቃ አካባቢ እንቅልፍ ወሰደኝ። ስነቃ እናቴ እግሯን አጣጥፋ፣ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ጥላ እያየች ነው። ሊያልቅ ደርሷል። "ልጅቷን ጎርፍ ወሰዳት" አለችኝ፣ ጎረቤት ውስጥ የሆነ ነገር እንደምትነግረኝ ሁሉ። "ላሟን አድናለሁ ስትል። አንቺ ተኝተሻል።" ከዚያ ራት እስኪቀርብ ያለፈኝን በሙሉ ተረከችልኝ፤ ባለርስቱ እንዴት እንደሚቀመጥ፣ ሰዎቹ ፊቱ እንዴት እንደሚቆሙ፣ ከበበ የሚሉት እብድ ምን እንደሚናገር። "ደግሞ እነዚህ ተዋናይ አይደሉም" አለች። "በምን አወቅሽ?" "ሞፈር አያያዛቸውን አላየሽም?"

ልክ ነበረች። ኃይሌ ፊልሙን የቀረጸው እ.ኤ.አ. በ1974 በሁለት ሳምንት ውስጥ፣ ትወና ሙያቸው ካልሆነ ሰዎች ጋር ነው። እኔ ይህን አስቀድሜ አንብቤዋለሁ፣ ላስረዳትም አዘጋጅቼው ነበር።

በማግስቱ ማታ ብቻዬን ቁጭ ብዬ እንደገና ከመጀመሪያው አየሁት፣ ዓይኔን እጃቸው ላይ አድርጌ። አልተኛሁም።

ስልኬ አሁን ተሠርቷል። እናቴ ደግሞ ለሚቀጥለው እሁድ "የሚያስቅ አምጪ፤ ሁለት ወር ሙሉ አስለቀስሽኝ" ብላለች። እየፈለግኩ ነው። ዴኩን ገና አልመለስኩትም።