ስፌቱ የተነሣ ዕለት

ዛሬ በቀዶ ሕክምና የተቀየረው ጉልበቴ ስፌት ተነሣ። ቁስሉ ገጥሟል፣ መቅላትም ሆነ ፈሳሽ የለውም፤ የሩማቶሎጂ (የመገጣጠሚያ ሕመሞች) ሐኪሜም ለሩማቶይድ አርትራይተስ፣ ማለትም ሰውነት የራሱን መገጣጠሚያ ለሚያጠቃበት ሕመሜ፣ የምወጋውንና አቋርጬው የነበረውን የአዳሊሙማብ መርፌ ከነገ ጀምሮ እንድቀጥል ፈቀዱልኝ።

የቀዶ ሕክምናው ቀን ሲቆረጥ እናቴ ከደሴ ደውላ «ልጄ፣ ሰውነትሽ እንዲያርፍ መድኃኒቱን ሁሉ ተዪው» ብላኝ ነበር። እኔም ከስድስት ዓመት በፊት ለሐሞት ጠጠር ስዘጋጅ ያደረግሁት ይህንኑ ነው፤ ቁስሉ እንዳያመረቅዝብኝ ፈርቼ፣ ማንንም ሳላማክር ለዚሁ ሕመም የምውጠውን ሜቶትሬክሴቴን ለአንድ ወር ተውኩት። ቁስሉ በሰላም ዳነ፤ ጣቶቼ ግን አብጠው ሲኒ በሁለት መዳፌ ደግፌ እስካነሣ፣ የሹራቤንም ቁልፍ ልጄ እስክትቆልፍልኝ ደረስኩ። ያንን ጊዜ ሳስበው ዛሬም ያመኛል።

በዚህኛው ግን እዚህ ሜሪላንድ ያሉት ሐኪሜ መድኃኒቶቼን አንድ በአንድ እያነሡ አስረዱኝ። በ2022 የወጣው የአሜሪካ ሩማቶሎጂ ኮሌጅ መመሪያ ጉልበትና ዳሌ ለሚቀየርላቸው ሕመምተኞች ሜቶትሬክሴት እንዳይቋረጥ ይመክራል፤ ስለዚህ የኩላሊቴ ምርመራ ደህና መሆኑን አይተው የቅዳሜ ማታ ክኒኔን እንዳላስቀር አዘዙኝ። አዳሊሙማብ ግን በሽታ የመከላከል አቅምን ስለሚቀንስ፣ ቀዶ ሕክምናው የሚውለው ቀጣዩ መርፌ የሚደርስበት ጊዜ ካለፈ በኋላ ነው፤ እኔ በየሁለት ሳምንቱ ስለምወጋ ቀኑ በሦስተኛው ሳምንት ተያዘ፣ መርፌውም ስፌቱ እስኪነሣ ቆየ። በየስድስት ወሩ ሪቱክሲማብ የተባለው ሌላ የዚህ ሕመም መድኃኒት የሚሰጠው ሰው ቢሆን እስከ ሰባተኛው ወር ይጠብቅ ነበር። ፕሬድኒሶን የተባለውን የስቴሮይድ ክኒኔን በቀዶ ሕክምናው ዕለት ጠዋትም እንደ ወትሮው ዋጥኩ፤ ለዓመታት የለመደው ሰውነት በድንገት ሲያጣው የደም ግፊቱ በአደገኛ ሁኔታ ሊወርድ ይችላልና።

ያልጠበቅሁት የአንገቴን ራጅ ነው። ይህ ሕመም የላይኛውን የአንገት አጥንት መገጣጠሚያ ሊያላላ ስለሚችል፣ የማደንዘዣ ሐኪሙ የመተንፈሻ ቱቦ ለማስገባት አንገቴን ከማቅናታቸው በፊት ማየት ፈለጉ። ባለፈው ጊዜ ይህን የጠየቀኝ አልነበረም፤ እኔም ሕመሜን ከጣቶቼ አርቄ አስቤው አላውቅም ነበር።

መርፌውን ባቋረጥኩባቸው ሳምንታት ጠዋት ጠዋት እጄ ይተሳሰር ነበር፤ በለብታ ውሃ ነክሬ አፍታታዋለሁ፣ ያም ቢሆን ሹራቤን ራሴ ቆልፌያለሁ። ማታ ለእናቴ ደውዬ ሁሉንም ነገርኳት፤ «ታዲያ ሜቶትሬክሴቱን አልተውሽውም?» ብላ ደጋግማ ጠየቀችኝ። ነገ ጠዋት መርፌውን ከፍሪጅ አውጥቼ፣ ቅዝቃዜው እስኪለቀው ግማሽ ሰዓት ጠረጴዛው ላይ አቆየዋለሁ።