ስቶክሆልም ደሴቶች መካከል በትንሽ ጀልባ ለማደር

ስዊድን ውስጥ ከ6 እስከ 7 ሜትር የሚረዝም የመዝናኛ ጀልባ ለመንዳት መንጃ ፈቃድ አይጠየቅም። «አለማንስሬት» የሚባለው የሁሉም ሰው መብትም ከሰው ቤት ራቅ ብሎ ለአንድ ሌሊት ያህል መልሕቅ ጥሎ ማደርን ይፈቅዳል። በ1970ዎቹ የተሠሩ የፋይበርግላስ ካቢን ጀልባዎች ደግሞ በርካሽ ይገኛሉ። ስለዚህ ስቶክሆልም አካባቢ ለሚኖር ቤተሰብ ይህ የሀብታም ዕረፍት አይደለም። ችግሩ ጀልባዎቹ አብዛኛውን ጊዜ ለቀን ሽርሽር የተሠሩ መሆናቸው ነው፤ ሳያስተካክሉ አራት ሌሊት ያደሩባቸው ሰዎች ሁለተኛ አይመለሱም።

ገንዘቡን ከሁሉ በፊት መኝታው ላይ ያውሉት። ሁለት ሰው ሲተነፍስ ሲያድር ግማሽ ሊትርና ከዚያም በላይ ውኃ ወደ አየሩ ይለቃል። ይህ እንፋሎት ቀዝቃዛው ፋይበርግላስ ላይ ሲያርፍ ጠብታ ይሆናል፤ ፍራሹ ባዶ ጣውላ ላይ ከተነጠፈ ከሥሩ ይረጥብና በጥቂት ቀን ይሻግታል። መፍትሔው 10 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ጠንከር ያለ ስፖንጅ በአልጋው ቅርጽ ማስቆረጥ፣ ከሥሩም አየር የሚያሳልፍ ርብራብ ወይም 2 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ የፕላስቲክ መረብ ማንጠፍ ነው። የካቢኑን ግድግዳ በስሱ የሙቀት መከላከያ ይሸፍኑ። ሁለት የአየር ቀዳዳ ያስፈልጋል፣ አንዱ ዝቅ ብሎ ሌላው ከፍ ብሎ። አንድ ብቻ ከሆነ አየሩ አይዘዋወርም። ብርድ ነው ብሎ መድፈን ደግሞ እርጥበቱን ያብሳል፣ አደጋም አለው።

ለማሞቂያ 2 ኪሎ ዋት የናፍጣ ማሞቂያ ለዚህ መጠን ከበቂ በላይ ነው። የጭስ ማውጫው ከመስኮትና ከአየር መሳቢያው ርቆ ይውጣ፤ ቱቦውም ሙቀት በሚችል መጠቅለያ ይሸፈን። ሲያጠፉት በራሱ ማጥፊያ ያጥፉትና ማራገቢያው ለጥቂት ደቂቃ እየዞረ ያቀዝቅዘው። ኤሌክትሪኩን ድንገት መቁረጥ ውስጡን ያቃጥለዋል፤ ብዙዎቹ የሚበላሹት በዚህ ነው።

የኤሌክትሪክ ዕቃ ከመግዛትዎ በፊት ፍጆታዎን ያስሉ። ባለ ኮምፕረሰር 40 ሊትር ፍሪጅ በስዊድን በጋ በቀን 25 አምፔር ሰዓት (ባትሪ የሚይዘው ኃይል መለኪያ) ገደማ ይፈጃል። ማሞቂያው አመሻሽ ላይ 10፣ መብራትና ስልክ 8 ቢወስዱ ድምሩ 43 ነው። 100 አምፔር ሰዓት የተጻፈበት ኤጂኤም (የታሸገ የእርሳስ) ባትሪ ዕድሜው እንዳያጥር ግማሹን ብቻ መጠቀም ስላለብዎት አንድ ቀን ያህል ያቆይዎታል። በዚሁ መጠን የሊቲየም ብረት ፎስፌት ባትሪ ወደ ሁለት ቀን ይጠጋል። ባለ 100 ዋት ሶላር ፀሐያማ በሆነ የሐምሌ ቀን 30 አምፔር ሰዓት ያህል ይመልሳል። ሊቲየምን በቀጥታ ከሞተሩ ጄነሬተር ጋር አያገናኙ፤ ባትሪው ያለገደብ ስለሚስብ ጄነሬተሩ ይግላል። መሐል ላይ ከዲሲ ወደ ዲሲ የሚቀይር ቻርጀር ይግባ። ከዜሮ ዲግሪ በታች ቻርጅ ማድረግም አይቻልም።

የሞተር ማስነሻ ባትሪው ምንጊዜም ለብቻው ይሁን፤ ሌሊት ሙዚቃ የከፈተ ሰው ጠዋት ደሴት ላይ እንዳይቀር። ዋናው ፊውዝ ባትሪው አጠገብ ይታሰር፤ ሽቦው ሾርት ቢያደርግ የሚያድነው ከምንጩ ሲቀርብ ነው። ፍሪጁ «ቀጭ ቀጭ» እያለ አልነሳ ካለ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ቀጭን ሽቦ ነው። ኮምፕረሰሩ ሲነሳ ብዙ ይስባል፣ ቮልቴጁ ይወርዳል፣ መከላከያው ይዘጋዋል። በ5 ሜትር ርቀት 6 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ቢዘረጉ ይህ ችግር አያገኝዎትም።

የኤሌክትሪክ ምጣድ እቤት ይቅር። 1,400 ዋት የሚፈልግ ምጣድ ከ12 ቮልት ባትሪ 130 አምፔር ገደማ ስለሚጎትት ኤጂኤሙን ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ ያደክመዋል። እንጀራውን ጋግረው፣ በደንብ አቀዝቅዘው፣ በጨርቅ ጠቅልለው ይያዙ፤ ሙቅ እያለ ላስቲክ ውስጥ ከገባ በሁለተኛው ቀን ይሻግታል። ከዚያ በኋላ ድርቆሽ፣ ሽሮ፣ ቋንጣ፣ በሶ። የስፒሪት (የአልኮል) ምድጃ ሽሮን በሚገባ ያበስላል፤ ነበልባሉ ግን በቀን ብርሃን ስለማይታይ ሳይቀዘቅዝ ፈጽሞ አይሙሉት። ጋዝ ከመረጡ ሲሊንደሩ ወለሉ ወደ ውጭ በሚያፈስ ሳጥን ይቀመጥ። ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ የፈሰሰው ጀልባው ሆድ ውስጥ ተጠራቅሞ ብልጭታ ይጠብቃል።

ከሰል ካቢን ውስጥ አይግባ። ለቡናም ቢሆን፣ ለዕጣንም ቢሆን። ነበልባሉ ጠፍቶ ፍሙ ብቻ ቢቀርም ካርቦን ሞኖክሳይድ ይለቃል፤ ሽታ የለውም፣ የተኛ ሰው አይነቃም። ታችዋ ጠፍጣፋ የሆነች የብረት ጀበና በስፒሪት ምድጃው ላይ በማቀፊያ ተይዛ ታፈላለች። የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ ራስጌ ላይ ይሰቀል፤ ባለ 2 ኪሎ የእሳት ማጥፊያም ከምድጃው አጠገብ ሳይሆን ከበሩ አጠገብ ይሁን።

የመዝናኛ ጀልባ የሽንት ቤት ፍሳሽ ስዊድን ውኃ ውስጥ መድፋት ከሚያዝያ 1 ቀን 2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ክልክል ነው። ባለ 20 ሊትር ተንቀሳቃሽ ሽንት ቤት በማሰሪያ ከወለሉ ጋር ያጥብቁ፤ ወደቦች ላይ የሚደፋበት ቦታ አለ። የመጠጥ ውኃ በሁለት የ20 ሊትር ጀሪካን ይያዝ፣ አንዱ ቢበላሽ ሌላው ይተርፋል። ጀሪካኖቹንም ባትሪውንም ኋላ፣ ሞተሩ ዘንድ አይከምሩ፤ እዚያ የተጨመረ 100 ኪሎ የጀልባዋን አፍንጫ ያነሳና ቤንዚን ያስበላል። ወደ መሐል፣ ወደ ታች።

ባልቲክ ላይ የባሕሩ ወለል በየዕለቱ ከፍ ዝቅ የሚለው እዚህ ግባ ስለማይባል የአገሬው ሰው የጀልባውን አፍንጫ ከዳርቻው ድንጋይ አስሮ መልሕቁን ከኋላ ይጥላል። 7 ኪሎ ገደማ መልሕቅ፣ ከ3 እስከ 5 ሜትር ሰንሰለትና 40 ሜትር ገመድ ይበቃል። ገመዱ ቢያንስ የጥልቀቱን አምስት እጥፍ ካልተለቀቀ መልሕቁ ወደ ላይ ተስቦ ይነቀላል። ከመተኛትዎ በፊት ሞተሩን ቀስ ብለው ወደፊት አስነስተው ገመዱን ይወጥሩትና መያዙን ያረጋግጡ።