ሦስተኛ ባትሪ ሊያስገጥም የመጣው ሾፌር

ወደ ዳናክል እንግዳ የሚያመላልስ ላንድ ክሩዘር ተሳቢውን እየጎተተ ጋራዥ ገባ። ተሳቢው ላይ ፍሪጅና ባለ 100 አምፔር ሰዓት ባትሪ አለ። ቀኑን ሙሉ ተነድቶ ሲዋል እንኳ ማታ ፍሪጁ ይጠፋል። ሾፌሩ አንዴ ባትሪ ቀይሮ ስላልተፈታለት ሦስተኛውን ሊያስገጥም ነው የመጣው። ልጁ ኤሌትሪሺያን ግን ቴስተሩን ይዞ ተሳቢው ሥር ገባ።

«ጋሼ፣ ሞተሩን ያስነሱልኝ። ፍሪጁንም ያብሩት።»

«ባትሪ ለመለካት ሞተር ምን ያደርግልሃል? ሞቷል እኮ፣ ስንቴ ልንገርህ!»

«መሞቱንማ አይቻለሁ። የገደለውን ነው የምፈልገው።»

ይህ ጥያቄ በየጋራዡ ቢጠየቅ ስንት ባትሪ ከመጣል ይተርፍ ነበር። ሞተር ጠፍቶ፣ ፍሪጅ ጠፍቶ ሲለካ የደካማ መስመርም ቮልት ደህና ሊመስል ይችላል። ጉድለቱ የሚታየው መስመሩ ኤሌክትሪክ ሲሸከም ነው።

ፊት ያለው የሞተሩ ባትሪ ላይ 14.2 ቮልት፣ ተሳቢው ባትሪ ላይ ግን 12.6። 15 አምፔር እየሄደ 1.6 ቮልት መንገድ ላይ ይቀራል ማለት ነው። ልጁ አንዱን የቴስተር ጫፍ የፊተኛው ባትሪ ኔጌቲቭ ላይ፣ ሌላውን የተሳቢው ባትሪ ኔጌቲቭ ላይ አሳረፈ፤ ወደ ዜሮ መጠጋት የነበረበት ንባብ 0.8 አለ። ማሳው፣ ማለትም የኔጌቲቩ መመለሻ፣ የሚመለሰው በመጎተቻው ኳስ በኩል ስለሆነ ቅባት፣ ቀለምና ዝገት ውስጥ ያልፋል። ቀሪው 0.8 የጠፋው ፖዘቲቩ ላይ ነው፤ 8 ሜትር ርዝመት ያለው 2.5 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ 15 አምፔር ሲሸከም ያንኑ ያህል ይበላል።

ከሁሉ የሚያናድደው ፊውዙ ነበር። በዚያ ቀጭን ሽቦ ላይ የቀድሞው ገጣሚ 60 አምፔር አስገብቶበታል! ፊውዝ የሚጠብቀው ሽቦውን ነው። ማርሚታው አጠገብ የሽቦው ልባስ አብጦ፣ ቡናማ ሆኖ፣ በጥፍር ሲነኩት ይላጥ ነበር። እዚያ ቦታ ላይ ሻንሲውን፣ የመኪናውን ብረት፣ ቢነካ ኖሮ ፊውዙ ሳይበጠስ ሽቦው ነዶ መኪናውን ይዞት ሊሄድ ይችል ነበር።

አሮጌው መስመር ወጣ። 16 ካሬ ሚሊሜትር ካቦ፣ ፖዘቲቩም ኔጌቲቩም ራሱን ችሎ ከባትሪ እስከ ባትሪ ተዘረጋ፤ መጎተቻው ጋ ለብቻው ወፍራም ሶኬት ተገጠመለት፣ የመብራቱ ሶኬት ይህን አይችልም። 40 አምፔር ፊውዝ በሁለቱም ጫፍ ገባ፣ ባትሪ በሁለቱም በኩል ስላለ አንዱ ጫፍ ብቻ ቢጠበቅ ሌላው ያቃጥላል። ፊት ደግሞ ሁለቱን ባትሪዎች በ13.3 ቮልት የሚያገናኝ፣ በ12.8 የሚለያይ ሪሌ፣ በራሱ የሚሠራ ማብሪያ ማጥፊያ፣ ተገጠመ፤ አለበለዚያ ፍሪጁ ሌሊቱን የሞተሩን ባትሪ ጨርሶት ያድራል። ዲናሞአቸው እንደ ሁኔታው ቮልት የሚቀንስ አዳዲስ መኪኖች ላይ ይሄ ሪሌ አይበቃም፣ ቮልቱን ከፍ የሚያደርግ ቻርጀር ተሳቢው ላይ ያስፈልጋል።

በዚያው 15 አምፔር ተሳቢው ባትሪ ላይ ሲለካ 13.9 ቮልት ደረሰ።

ሾፌሩም ግን ልክ ነበር። ለወራት ግማሽ እየሞላ የኖረ የሊድ ባትሪ ሳህኖቹ ላይ ሰልፌት ይጋገርበታል፣ ያ ደግሞ በጥሩ ካቦ አይለቅም። ያን ቀን ሦስተኛውን ባትሪ ገዛ፣ የካቦውንም ሳይከራከር ከፈለ።