የገጠምኩትን ቀለበት ፈቱብኝ

ባለፈው እሑድ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። አዲስ አበባ ነግቶ ነበር፤ እዚህ ሜሪላንድ ግን ሰው ሁሉ ተኝቷል። የደወለው ቄራ አካባቢ በነበርኩበት ጋራዥ ረዳቴ ሆኖ የሠራ ልጅ ነው። ዲቪ ደርሶታል፣ ቪዛውም ተመቶለታል። ደስታው ሰዓት አላሳየውም። «ጋሼ፣ አሜሪካ ለመካኒክ ወርቅ ነው ይላሉ። ደግሞ ወረቀት ወረቀት ይላሉ። እጅ ላለው ሰው ወረቀት ምን ያደርግለታል?» አለኝ። እንኳን ደስ አለህ ብዬ መረቅኩት፤ ጥያቄውን ግን ሳልመልስለት ስልኩን ዘጋሁ። ከዚያ በኋላ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

እኔም በዚህ ጥያቄ ነበር የመጣሁት።

ቄራ አካባቢ ባለው በዚያ ጋራዥ 14 ዓመት ሠርቻለሁ። ከደንበኞቻችን መካከል አምቡላንሶች ነበሩ፤ ከየወረዳው የሚመጡ፣ ጭቃ የጠገቡ ነጫጭ ላንድክሩዘሮች። የፊት ኩሽኔታ ማለቁን መኪናው ገና ከበሩ ሲታጠፍ እሰማው ነበር። አንድ ክረምት ምጥ የያዛት እናት የጫነ አምቡላንስ የራዲያተሩ ቱቦ ተቀዶ መንገድ ላይ ቆመ። ሹፌሩ በስልክ ጠራኝ፤ በሞተር ብስክሌት ደርሼ ቱቦውን በከመነዳሪ ቁራጭ ጠፍሬ አስነሣሁት። እናቲቱ ሆስፒታል ደረሰች፣ ወንድ ልጅም ወለደች። ሹፌሩ እጄን ስሞ ነው የሄደው። ይህን ታሪክ ለብዙ ሰው አውርቼዋለሁ፤ ስደት ስመጣም ይዤው የመጣሁት ሀብቴ እሱ ነበር።

እዚህ ከመጣሁ በኋላ የአካባቢውን የእሳት አደጋ መኪናዎች በኮንትራት የሚጠግን አንድ ወርክሾፕ ቀጠረኝ። ሥራዬ ማጠብ፣ ዘይት መቀየርና ወለል መጥረግ ነበር። መጀመሪያ የመታኝ ቋንቋው ነው። ዕድሜ ልኬን የሠራሁባቸው ቃላት፣ ካምቢዮው፣ ፍሪሲዮኑ፣ ባሌስትራው፣ ጋርኒሲዮኑ፣ ከጣሊያን የወረስናቸው ናቸው፤ አሜሪካዊው አያውቃቸውም። እጄ የሚያውቀው ነገር አፌ ላይ ሲደርስ ይሞት ነበር።

አሁን ወደዚያች ቀን ልምጣ።

የእሳት አደጋ መኪና ፓምፕ በየዓመቱ ይፈተሻል። ውኃ ከመግባቱ በፊት ፓምፑ ደረቅ ሳለ ውስጡ ያለው አየር ተመጥጦ ይወጣና የምጥጫው መለኪያ መርፌ 22 ላይ ይደርሳል፤ መስፈሪያው ኢንች ሜርኩሪ ይባላል። ከዚያ ሁሉም ነገር ይዘጋና 5 ደቂቃ ይጠበቃል። መርፌው በዚያ ጊዜ ውስጥ ከ10 ኢንች በላይ ከወረደ መኪናው ወድቋል። ለምን ቢባል፣ የቧንቧ ውኃ በሌለበት ገጠር መኪናው ከኩሬ ወይም ከወንዝ መጥጦ ነው እሳት የሚያጠፋው፤ አየር የሚያስገባ ፓምፕ ውኃ አያነሣም።

የዚያን ቀን መርፌው ወደ 9 ወረደ። ፈታሹ ዕድሜው 23 የሚሆን ወጣት ነበር። ጨዋ ልጅ ነው፣ ዛሬም ወዳጄ ነው። ሁለት ጊዜ ሞከረ፣ ሁለቱንም ጊዜ ወረደበት። ወደ ቢሮ ሲሄድ እኔ መጥረጊያዬን አስደግፌ ከመኪናው ሥር ገባሁ። ፊሽታ የምትመስል ቀጭን ድምፅ ይሰማኛል። ጆሮዬን እያስጠጋሁ ተከተልኳት፤ ከአንዱ የውኃ ማስወጫ ቫልቭ ነበር የምትመጣው። ፈታሁት። ውስጡ ያለው የጎማ ቀለበት በአንድ በኩል እንደ ጥፍር ቁራጭ ተልጦ ነበር። ከመደርደሪያው ከረጢት አዲስ ቀለበት አውጥቼ፣ ቅባት ቀብቼ ገጠምኩ። ወጣቱ ተመልሶ ሲሞክር መርፌው ከ22 ተነሥቶ በ5 ደቂቃ ውስጥ 20 ላይ እንኳ አልደረሰም። ልጁ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። ከመጣሁ ጀምሮ እንደዚያን ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

አለቃችን መጣ። «ማን ነካው?» አለ። እኔ ነኝ አልኩ። «የምስክር ወረቀት አለህ?» የለኝም። ወደ ወጣቱ ዞሮ «ፍታው» አለው። ስድስት ሰው ቆሞ ያያል። ልጁ ዓይኔን ላለማየት እያቀረቀረ የገጠምኩትን ቀለበት አወጣ፣ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ጣለው፣ ከዚያው ከረጢት ሌላ አወጣና ገጠመ። ሁለቱ ቀለበቶች መንትያ ነበሩ። እንደገና አየር ተመጠጠ፣ እንደገና 5 ደቂቃ ተጠበቀ፣ መርፌው እዚያው የእኔ ቦታ ላይ ቆመ። ልጁ ፈረመ። አለቃዬ «አንተ ወደ እጥበትህ ተመለስ» አለኝ።

ሁሉም ሲበተን ቀለበቷን ከመጣያው አንሥቼ ኪሴ ከተትኳት። ዛሬም በመፍቻ ሳጥኔ የላይኛው መሳቢያ ውስጥ ትገኛለች።

እቤት ስገባ የባለቤቴ ወንድም «ተወው፣ ታክሲ ንዳ። እዚህ አገር ስንቱ መሐንዲስ ነው ታክሲ የሚነዳው» አለኝ። ታክሲ የሚነዳን ሰው አልንቅም፣ ልጆቹን የሚያሳድግበት እንጀራው ነው። እኔ ግን ከዚያች ቀለበት ጋር ያልጨረስኩት ጉዳይ ነበረኝ።

ጠየቅኩ፣ አነበብኩ። ለአደጋ ጊዜ ተሽከርካሪ ጠጋኞች ለብቻቸው የተዘጋጀ የምስክር ወረቀት አለ፤ ኢቪቲ ይሉታል። እሳት አደጋው ለብቻው፣ አምቡላንሱም ለብቻው የፈተና መስመር አላቸው። እኔ ስፈተን የመጀመሪያውን የእሳት አደጋ መኪና ደረጃ ለማግኘት አራት ፈተና ማለፍ ያስፈልግ ነበር፦ ኤፍ-1 የጥገናና የፍተሻ ነው፣ ኤፍ-2 መኪናው እንዴት መሠራት እንዳለበት ነው፤ የቀሩት ሁለቱ ኤኤስኢ የተባለው ተቋም ለከባድ መኪና መካኒኮች ከሚሰጣቸው የፍሬንና የመሪ ፈተናዎች ናቸው። ወረቀቱ 5 ዓመት ሲሞላው እንደገና ይታደሳል። በመላ አገሪቱ ሁሉን የሚያስገድድ ሕግ የለም፤ ቀጣሪው ግን ይጠይቃል።

ፍሬኑን በመጀመሪያው ሙከራ አለፍኩ። ኤፍ-2 ጣለኝ። በዚያ ፈተና መፍቻ አያድንም። የደኅንነት ቀበቶው ደማቅ ቀይ ወይም ብርቱካንማ የሚሆነው ለምንድን ነው ይላል፤ የቡድን መሪው ወደ ኋላ ዞር ሲል ማን እንዳሰረና ማን እንዳላሰረ በአንድ እይታ እንዲለይ ነው። በመኪናው ጀርባ ላይ ያሉት ገደድ ያሉ ቀይና ቢጫ መስመሮች የኋላውን ገጽ ቢያንስ ግማሹን መሸፈን አለባቸው። ይህን ሁሉ ለጌጥ የተቀባ ቀለም አድርጌ ነበር የማየው። ከሦስት ወር በኋላ ተመልሼ ተፈተንኩና አለፍኩ።

ግን ልቤን የለወጠው ፈተናው አይደለም፣ ጎማ ነው። አንድ ቀን ስድስት ጎማ እንዳወርድ ታዘዝኩ። ጥርሳቸው ገና አላለቀም፤ ሶማሌ ተራ ቢደርሱ ገዢ ይሻማባቸዋል። ለምን ይጣላሉ ብዬ ጠየቅኩ። ወጣቱ በጎማው ጎን ያሉትን አራት ቁጥሮች አሳየኝ፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የተሠራበትን ሳምንት፣ የኋለኞቹ ዓመቱን ይናገራሉ። የአሜሪካው የእሳት መከላከያ ማኅበር ኤንኤፍፒኤ ባወጣው መመሪያ፣ ቀድሞ ቁጥር 1911 ይባል በነበረውና አሁን በቁጥር 1910 ውስጥ በተጠቃለለው፣ የእሳት አደጋ መኪና ጎማ ጥርሱ ምንም ያህል ቢኖር 7 ዓመት ሲሞላው ይቀየራል። ነገሩን ሳስበው ገባኝ። ይህ መኪና ብዙ አይሄድም፤ 2,800 ሊትር ውኃ ተሸክሞ ቀንና ሌሊት ቆሞ ይውላል። ጎማው ሳይሽከረከር ከውስጥ ያረጃል። ደወሉ ሲጮህ ግን ከቆመበት ተነሥቶ በሙሉ ፍጥነት ይወጣል።

ያን ጊዜ ያ አምቡላንስ ትዝ አለኝ። ከመነዳሪ ጠፍሬ የላክሁት። እናቲቱን አድርሷል፤ በዚህ ዛሬም እኮራለሁ፣ ያን ሰዓት ሌላ የሚደረግ ነገር አልነበረም። ከዚያ በኋላስ? ማንም አልጻፈውም። ሹፌሩ ለሌላ ሹፌር አስረክቦት ይሆናል። ያ ቁራጭ ላስቲክ ስንት ወር፣ ስንት እናት ይዞ እንደሄደ የሚያውቅ ሰው የለም። ወረቀት ማለት እዚህ ይህ ነው፦ መኪናው ቢቆም ስምህ ተጠርቶ «አንተ ነህ የፈተሽከው» የምትባልበት። እኛ አገር «ይሄዳል» ስንል በቂ ነው። ቦሎ ለመውሰድ ከጎረቤት ጎማ ተውሶ የሚሄድ ሰው በዓይኔ አይቻለሁ። እዚህ ደግሞ ካርቦን ብቻ ያለቀበትን ሞተሪኖ፣ ሞተሩን የሚያስነሣውን ዕቃ፣ ሙሉውን ነቅለው ይጥላሉ፤ የእኛ ኤሌክትሪሽያን በግማሽ ቀን ያድነው የነበረውን። ያንን ሳይ ዛሬም ያመኛል።

አለቃዬን በተመለከተ አቋሜ አልተለወጠም። ቀለበቷ መፈታቷ ልክ ነበር፤ የሚፈርም ሰው የሚፈርመው ራሱ ለሠራው ወይም ራሱ ላየው ነገር ነው። በስድስት ሰው ፊት ወደ እጥበት ተመለስ መባሌ ግን ልክ አልነበረም። መመሪያዎቹን ከዳር እስከ ዳር አንብቤአለሁ፤ ሰውን አዋርዱ የሚል አንቀጽ የለባቸውም። «ቀለበቷን ማን አገኛት?» ብሎ ቢጠይቅ ኖሮ ምን ይጎድልበት ነበር?

ዛሬ የዓመቱን የፓምፕ ፍተሻ የምሠራው እኔ ነኝ። ሙሉ አቅሙን በ150 ፒኤስአይ የውኃ ግፊት ለ20 ደቂቃ፣ 70 በመቶውን በ200 ለ5 ደቂቃ፣ ግማሹን በ250 ለ5 ደቂቃ እያስጮህኩ ቆሜ እጠብቃለሁ፤ ከዚያ ስሜን እጽፋለሁ። ከሥሬ የሚያጥብ አንድ የኤልሳልቫዶር ልጅ አለ። ድምፅ ሰማሁ ሲለኝ መጀመሪያ እሱ እንዲያሳየኝ አደርጋለሁ።

እንግዲህ ለምትመጡት። አሜሪካ ለመካኒክ ወርቅ ነው የሚላችሁን ሰው ስንት ዓመት ወለል እንደጠረገ ጠይቁት። መፍቻና ሳጥን እዚህ ሠራተኛው ራሱ ነው የሚገዛው፤ ብዙ ሺህ ዶላር ይወጣበታል፣ በዱቤም ብዙ ዓመት ያስከፍላል። የመኪናውን ዕቃ ስም ገና አገራችሁ ሳላችሁ በእንግሊዝኛ አጥኑ፤ ስልካችሁ ላይ ፎቶ እያነሣችሁ ስሙን ጻፉበት። ኤኤስኢ ከፈተናው ሌላ የሁለት ዓመት የሥራ ልምድ ይጠይቃል። ስለዚህ የሠራችሁበትን ጋራዥ ደብዳቤ ሳትይዙ አውሮፕላን ላይ አትውጡ። ከመቼ እስከ መቼ፣ በምን ዓይነት መኪና ላይ፣ ምን ምን እንደሠራችሁ ተዘርዝሮ፣ ማኅተም ያረፈበት ይሁን። እኔ ባለቤቱ ወዳጄ ነው ብዬ ሳልቀበል መጣሁ። ከመጣሁ በኋላ ሰውዬው አረፉ፣ ጋራዡም ፈረሰ፤ 14 ዓመቴን የሚመሰክርልኝ ሰው አጣሁ፣ ልምዴን እዚህ ከዜሮ ቆጠርኩ።

ይህን ሁሉ ያን ሌሊት ለደወለልኝ ልጅ ማክሰኞ ዕለት ደውዬ ነገርኩት። ትናንት የደብዳቤውን ፎቶ ላከልኝ። ፊርማ አለው፣ ክብ ማኅተምም አለው። «ለረጅም ዓመታት በታማኝነትና በትጋት አገልግሏል» ይላል። ቀን የለውም። ሰኞ ጧት ጋራዡ ሲከፈት ተመልሰህ ሂድ አልኩት።