የስታሊን ዘመን ሙዚቃዊ ኮሜዲ ሲታይ ማን እንደሚሳቅበት ልብ በሉ

በስታሊን ዘመን የተሠሩ ሙዚቃዊ ኮሜዲዎችን ስናይ ርዕዮተ ዓለሙን ከመፈክሩ ውስጥ ባንፈልገው ይሻላል። ማን ይሳቅበታል? የማን ፍቅር ይሰምራል? መጨረሻ ላይ ከሰልፉ ጋር የሚዘምረውስ ማን ነው? መልእክቱ ያለው እዚያ ነው።

የግሪጎሪ አሌክሳንድሮቭን «ሰርከስ» (እ.ኤ.አ. 1936) እንውሰድ። ሊዩቦቭ ኦርሎቫ የተጫወተቻት ማሪዮን ዲክሰን ጥቁር ልጅ በመውለዷ ከአሜሪካ ተሳድዳ የወጣች የሰርከስ አርቲስት ናት። ጀርመናዊው ሥራ አስኪያጇ ይህንኑ ምስጢር ይዞ ያስፈራራታል፤ በስተመጨረሻም ይጸየፏታል ብሎ ልጁን በሞስኮ ተመልካች ፊት ያወጣዋል። ተመልካቹ ግን በሰውየው ይስቃል። ሕፃኑንም ተቀብሎ ከእጅ ወደ እጅ እያሳለፈ በሩሲያኛ፣ በዩክሬንኛ፣ በጆርጂያኛ፣ በዪዲሽ (በምሥራቅ አውሮፓ አይሁዶች ቋንቋ) እሹሩሩ ይለዋል።

አንጀት የሚበላ ትዕይንት ነው፤ ፕሮፓጋንዳ ነው ብሎ ማለፍም አይገባም። የአሜሪካ የዘር መድልዎ የፈጠራ ወሬ አልነበረም። ችግሩ፣ ሰው እንደዚህ በነፃነት የሚተነፍስባት ሌላ አገር የለችም የሚል መዝሙር የያዘው ይህ ፊልም ግንቦት ላይ ታይቶ፣ ነሐሴ ላይ የቀድሞዎቹ የቦልሼቪክ መሪዎች ዚኖቪዬቭና ካሜኔቭ በሞስኮው ችሎት ሞት ተፈረደባቸው።

እሹሩሩውም አልተረፈም። የዪዲሹን ስንኝ የዘፈነው ታላቁ ተዋናይ ሰሎሞን ሚኾኤልስ ነበር። በጥር 1948 ሚንስክ ላይ በስታሊን ትእዛዝ ሲገደል፣ ክፍሉ ከፊልሙ ተቆረጠ። ልጁ ከእጅ ወደ እጅ ስለሚሄድ አንድ ስንኝ ቢወጣ ታሪኩ አይሰበርም፤ ዘፈን በስንኝ የተከፋፈለ መሆኑ ለመቀስ ይመቻል። ከስታሊን ሞት በኋላ ቦታው ተመልሷል። ስለዚህ ቅጂው እጃችሁ ሲገባ መጀመሪያ እሹሩሩውን አዳምጡ፤ ዪዲሹ ከሌለ የያዛችሁት የተቆረጠውን ነው።

«ቮልጋ-ቮልጋ» (1938) ላይ የሚሳቅበት ቢቫሎቭ የሚባል የትንሽ ከተማ ሹመኛ ነው፤ ችሎታ ያላት ፖስታ አመላላሽ እያለችለት ቁብ አይሰጣትም። በአለቃ መሳቅ ተፈቅዶ ነበር ማለት ነው፤ ግን በታች አለቃ ብቻ። ሳቁ ክሬምሊን ደጅ ሲደርስ ይቆማል። በፊልሙ ገጸ ባሕርያቱን የጫኑት መርከቦች ወደ ሞስኮ የሚገቡበትን፣ በ1937 የተከፈተውን ቦይ የቆፈሩት እስረኞች ናቸው። ከፊልሙ ካሜራ ባለሙያዎች አንዱ ቭላድሚር ኒልሰን ደግሞ ፊልሙ ሳይወጣ ተረሽኖ ስሙ ከዝርዝሩ ተሰረዘ።

የኢቫን ፒሪዬቭ «የኩባን ኮሳኮች» ላይ ሲደረስ ክፉ ሰው እንኳ የለም። የሁለት ኮልኮዝ (የጋራ እርሻ) ሊቀመንበሮች በምርት ይፎካከራሉ፤ እነሱው ደግሞ ይዋደዳሉ። ገበያው በሐብሐብና በጨርቃ ጨርቅ ጢም ብሏል። ቀረጻው በ1949 ነው፤ ከ1946–47ቱ ረሃብ ገና ሁለት ዓመቱ። ከስታሊን በኋላ ሶቪየት ኅብረትን የመራው ክሩሽቼቭ በ1956 ባደረገው ንግግር ስታሊንን ከወቀሰባቸው ነገሮች አንዱ፣ ገጠሩን የሚያውቀው የገበሬውን ገበታ ሙሉ አድርገው በሚያሳዩት በእንዲህ ዓይነት ፊልሞች ብቻ መሆኑ ነበር።